ፖሊስ ሲበድል አቤት የሚባለው የት ነው? በወንድሜ ጉዳይ ያየሁት

ታናሽ ወንድሜን የያዙት ከጋራዥ ሥራው አምሽቶ ሲመለስ ነው። መታወቂያ ጠየቁት፤ አሳየ። ቀጥለው ስልክህን ክፈት አሉት፤ «ለምን?» አለ። «ለማጣራት ነው» ብለው ወሰዱት። እኛ ያወቅነው በማግስቱ የሰፈር ልጅ መጥቶ ሲነግረን ነው። ጣቢያ ስንደርስ «ምግብ አስገብታችሁ ሂዱ፣ እሱን ማየት አይቻልም» ተባልን። አርባ ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። በኋላ በዓይናችን ስናየው የግራ እጁ አንጓ አብጦ፣ ጀርባው ሰንበር በሰንበር ሆኖ ነበር።

ይህ የሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የጣቢያውንም የሰዎቹንም ስም አልጽፍም፤ ጉዳዩ በመዝገብ ላይ ነው፣ ስማቸውም ለእናንተ አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ መንገዱ ነው። ያን ሰሞን ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ፖሊስን ለፖሊስ ከሰሽ ምን ልታገኚ?» እያለ ተስፋ ያስቆርጠኝ ነበር። ፖሊስ ግን የሚከሰሰው ለፖሊስ ብቻ አይደለም። በሮቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ በር የሚሰጠው ነገር ይለያያል። አንዱ የታሰረውን ያስፈታል፣ አንዱ ፖሊሱን በሥነ ምግባር ይጠይቃል፣ አንዱ በወንጀል ይከሳል፣ አንዱ ካሳ ያስከፍላል። ሰው የሚንከራተተው ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ጠቅልሎ ለአንድ ኃላፊ ሲሰጥ ነው። ኃላፊው ከአራቱ ሦስቱን መወሰን አይችልም፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ ልጁም እስር ቤት ይቆያል።

እኛ የጀመርነው ከፍርድ ቤት ነው። ቅሬታውን ለኋላ አቆየነው፤ መጀመሪያ ልጁ ከእነሱ እጅ መውጣት ነበረበት። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። «መርማሪው እረፍት ላይ ነው»፣ «ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም» የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ አታገኙም። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልቀረበ አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አካል ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚባለው ይህ ነው። ሥርዓቱም በ1958 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተጽፏል።

ለዚህ አቤቱታ የታሰረው ሰው ራሱ መፈረም የለበትም። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ «እሱን ካላገኘነው ምን እናድርግ» እያለ በር ላይ ይቀመጣል። እኔ ፈርሜ አስገባሁ፤ አብሮ የሚቀርበውን ቃለ መሐላም እኔው ፈረምኩ። ቃለ መሐላው ላይ ያሰፈርኩት እኅቱ መሆኔን፣ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደተያዘ፣ ማን እንደነገረኝ፣ የት ጣቢያ ምግብ እንዳስገባሁለትና እስካሁን ፍርድ ቤት አለመቅረቡን ብቻ ነው። ስለ ድብደባው እዚያ ላይ አልዘረዘርኩም፤ ፍርድ ቤቱ በዚያ መዝገብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሰው የያዛችሁት በምን ሕግ ነው? መጥሪያው ጣቢያው እንደደረሰ ወንድሜን ራሳቸው ጊዜ ቀጠሮ ችሎት አቀረቡት።

ያን ጠዋት እስካሁን አልረሳውም። መርማሪው ተጨማሪ ቀን ጠየቀ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ተጠርጣሪ፣ የምታመለክተው አለ?» አሉት። ወንድሜ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ የግራ እጁን ከፍ አደረገ፤ እጅጌው ወደ ክርኑ ሲንሸራተት አንጓው እንደ ዳቦ ተነፍቶ ሁሉም አየው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሌሊት ነው የመቱኝ። ቃሌን ስጥ እያሉ ነው የመቱኝ» አለ። ዳኛዋ ለጸሐፊዋ «ይመዝገብ» አሉ፤ ሕክምና እንዲያገኝና የሕክምናው ውጤት እንዲቀርብም ለጣቢያው ትእዛዝ ሰጡ።

ዘመድ የታሰረባችሁ ሰዎች ይህችን ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ተመታሁ ተብሎ የሚነገርበት ከሁሉ የበለጠው ቦታ የመጀመሪያው ቀን ችሎት ነው። እዚያ የተነገረ ቃል የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በኋላ ሊፋቅ አይችልም። ቤተሰብ ችሎት ውስጥ መናገር አይፈቀድለትም፣ የታሰረው ግን ይጠየቃል። ብዙ ልጆች ወደ ጣቢያው መመለሳቸውን አስበው ይፈራሉ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ስለዚህ ማየት ስትችሉ በጆሮው «ዳኛ ሲጠይቅህ ተናገር፣ ሰውነትህንም አሳይ፣ ይመዝገብልኝ በል» በሉት። ከችሎት በኋላ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ የትእዛዙን ግልባጭ አውጡ። እኛ በኋላ በሄድንበት ቢሮ ሁሉ ከማንኛውም ልቅሶ በላይ የሠራልን ያ ግልባጭ ነው።

ስለ ማስረጃ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዮች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነውና። ምግብ ስናስገባ የቆሸሸ ልብሱን በፌስታል አስወጥቶ ሰጠን። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ደም ደርቆበት ነበር። እማዬ ወዲያው ሳፋ አቀረበች፤ እንባዋ እየወረደ ልታጥበው ነው። «እማዬ፣ አትንኪው፣ ይኼ ምስክር ነው» ብዬ ወሰድኩባት። ወረቀት ላይ ጠቅልዬ ቀኑን ጽፌ አስቀመጥኩት። ላስቲክ ውስጥ እርጥብ ልብስ አታቆዩ፣ ይሻግታል። ፎቶ ስታነሱም አንዱን ከሩቅ ፊቱ እንዲታይ፣ አንዱን ከቅርብ ቁስሉ እንዲታይ አንሱ፤ ከቅርብ ብቻ የተነሣ ፎቶ የማን ገላ እንደሆነ አይናገርም። ሰንበር በማግስቱ ይበልጥ ይጠቁራልና ደግማችሁ አንሱ።

ሐኪም ቤት ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። የድብደባ የሕክምና ማስረጃ በደብዳቤ እንዲሰጣችሁ ስትጠይቁ «የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ» ትባላላችሁ። የመታው ፖሊስ ሆኖ ሳለ ደብዳቤውን ከማን ታመጣላችሁ? መፍትሔው ሁለት ነው። ማስረጃውን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ ማስጠየቅ ይቻላል። እስከዚያው ግን ሕክምናውን አትጠብቁት። ማንም ሰው ታሞ የመታከም መብት አለው፤ ስትታከሙ ለሐኪሙ «ወደቅኩ» አትበሉ፣ የሆነውን እንደሆነው ንገሩት፣ ካርዱ ላይ እንዲጽፈውም ለምኑት። ያ ካርድ በኋላ በትእዛዝ ሲጠየቅ የዚያን ቀን የተጻፈው ነው የሚወጣው። የታሰረ ሰውም ከሐኪሙ፣ ከጠበቃው፣ ከቤተሰቡና ከሃይማኖት አባቱ ጋር የመገናኘት መብት በአንቀጽ 21 አለው።

የያዙት ሰፈር ያለ ሱቅ ካሜራ ካለው የዚያኑ ቀን ጠይቁ። ካሜራው በራሱ ላይ እየደረበ ስለሚቀዳ ቆይታችሁ ብትሄዱ አታገኙትም። እኛ ያገኘነው የባለሱቁን ደግነት ብቻ ተማምነን ነው፤ ቅጂውን በፍላሽ ሰጠን፣ ለምስክርነት ግን እንዳንጠራው ለመነን። አልጠራነውም።

ወደ ቅሬታው ልመለስ። መጀመሪያ ማን እንደያዛችሁ እወቁ። የአዲስ አበባ ፖሊስ ነው? የፌዴራል ፖሊስ ነው? ደንብ አስከባሪ ነው? ደንብ አስከባሪ ፖሊስ አይደለም፣ አለቃውም ሌላ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ግን ፖሊስ ነው። የማዕረጉን ምልክት ማየት ከቻላችሁ ያዙ፤ ሳጅንና ኢንስፔክተር መለየት ብቻ የሚፈለገውን ሰው በጣም ያጠበዋል። ስም ካላወቃችሁ ደግሞ አትጨነቁ። በዚያ ሰዓት ተረኛ ማን እንደነበር የጣቢያው የተረኛ መዝገብ ያውቀዋል። አቤቱታው ላይ «በዕለቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋት ተረኛ የነበሩት ከመዝገብ ይጣሩልኝ» ብላችሁ ጻፉ።

አቤቱታውን ለማስጻፍ ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ጋ ሄድኩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ታሪኩን ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። የጻፉት ግን «የደም እንባ እያነባሁ፣ ፍትሕ ተጠምቼ፣ ወንድሜን እንደ አውሬ የቀጠቀጡት ጨካኞች…» እያለ ይሄዳል። «አባባ፣ እንባዬን ያውጡልኝና ሰዓቱን ያስገቡልኝ» አልኳቸው። ቅር አላላቸውም። በመጨረሻ የጻፍነው አንድ ገጽ ተኩል ነው፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ ያዙት፤ ምክንያቱ አልተነገረውም፤ ቤተሰብ እንዳያየው ተከለከለ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ አልቀረበም፤ በዚህ ቀን ችሎት ላይ መመታቱን ተናገረ፤ ፍርድ ቤቱ ይህን አዘዘ። ራሴ ያየሁትን «አይቻለሁ»፣ የነገሩኝን «ነግሮኛል» ብዬ ለየሁት። መጨረሻ ላይ የምጠይቀውን አስቀመጥኩ፦ ጉዳዩ ከዚያ ጣቢያ ውጪ ባለ ሰው እንዲጣራ፣ መርማሪው እንዲቀየር፣ የተወሰደው ስልክ እንዲመለስ፣ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ። ጥያቄ የሌለው አቤቱታ መልስ አያገኝም። ተቀባዩ አዝኖላችሁ ያስቀምጠዋል።

ለማን ይገባል? ከበደላችሁ ጣቢያ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። እኛ ለክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ ኃላፊ ጻፍን፤ ለከተማው ፖሊስ ኮሚሽን የሥነ ምግባር ጉዳይ ለሚያየው ክፍል ግልባጭ አደረግን። ግልባጩን በመምሪያው በኩል አልላክነውም፣ ራሴ ወስጄ አስገባሁት። መምሪያው በር ላይ የነበረው ሰው «አስቀምጪው፣ ይደርሳቸዋል» አለኝ። እኔም በትሕትና «መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግልኝ» አልኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። «ኃላፊውን አልፈልግም፣ ማኅተም ነው የምፈልገው» አልኩት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ተነሥቶ አሳየኝ። በእኔ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አረፈበት። ቁጥር የሌለው አቤቱታ በሕግ ፊት እንዳልተጻፈ ነው፤ እንቢ ካሏችሁ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ ላኩት፣ ደረሰኙን ያዙ።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ መርማሪው ተቀየረ። ወንድሜም በዋስ ወጣ። እኔን ደግሞ ቃል እንድሰጥ ጠሩኝ። ቃል ስትሰጡ የተጻፈው ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። «ገፈተሩት» የሚል ቃል ገብቶ አገኘሁ፤ እኔ ያልኩት «በዱላ መቱት ብሎ ነግሮኛል» ነበር። እንዲስተካከል ጠየቅኩ፣ ተስተካከለ፣ ከዚያ ፈረምኩ።

ከፖሊስ አለቆች ቀጥሎ ሁለተኛው የቅሬታ በር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ኢሰመኮ ነው። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ፣ በ2012 በወጣው አዋጅ 1224 የተሻሻለ የመንግሥት ተቋም ነው፤ ተጠሪነቱ ግን ለተወካዮች ምክር ቤት ነው እንጂ ለፖሊስም ለሚኒስትርም አይደለም። አቤቱታ በነጻ ነው። በቃልም በጽሑፍም ይቀበላሉ፤ ተበዳዩ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ቤተሰብ፣ ወኪል፣ ሌላ ሦስተኛ ወገንም ማቅረብ ይችላል። ውጭ አገር ሆናችሁ ዘመዳችሁ ለታሰረባችሁም ይህ በር ክፍት ነው። ባለሙያዎቹ ማሰሪያ ቦታ ሄደው ማየት፣ የታሰረውን ማነጋገር ይችላሉ። ልጁ ገና በእጃቸው ሳለ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የውጭ ዓይን እንዳረፈበት ሲያውቁ አያያዙ ይለወጣል፣ በእኛም ላይ ይህን አይተናል። ሁለት ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ። ኢሰመኮ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። በፍርድ ቤት ተይዞ ያለን ጉዳይም አያይም። ስለዚህ ስትሄዱ ፍርድ ቤት ያለው የእስሩ ጉዳይ ወይም የክሱ ጉዳይ መሆኑን፣ እናንተ የምታመለክቱት ግን ስለ ድብደባው መሆኑን ለይታችሁ አስረዱ። መንግሥታዊ ያልሆነው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉም በ1984 ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለውን በደል ይመዘግባል። ሴት ተበዳይ ከሆነች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሦስተኛው ዐቃቤ ሕግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር በየምድቡ የዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት አለ። በሥነ ምግባር መቀጣትና በወንጀል መከሰስ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከሕግ ውጭ ማሰር በአንቀጽ 423፣ ቃል ለማውጣት ብሎ መምታት፣ ማስፈራራት ወይም ማሰቃየት በአንቀጽ 424 ወንጀል ነው። እኛ ያስገባነው የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ግልባጭ፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ ፎቶዎቹንና ሸሚዙ በእጃችን እንዳለ የሚገልጽ ማመልከቻ ነው። ሸሚዙን ራሱን ግን በደረሰኝ ካልሆነ አትስጡ። ገንዘብ የጠየቃችሁ ካለም ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ 881/2007 የሙስና ወንጀል ነውና ከድብደባው ጋር አትቀላቅሉት፣ ለብቻው አመልክቱ።

ከሁሉ የከበደኝ ቢሮ አልነበረም። አንድ ቀን ወደ ማታ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የእድራችን ሊቀመንበር አሉበት፣ እማዬ ክርስትና ያስነሡላት አባትም አሉበት። ከፖሊሱ ቤተሰብ ተልከው ነው። «ልጄ፣ እሱም የድኻ ልጅ ነው፣ እንጀራው ነው፣ ተይለት» አሉኝ። እማዬ ቡና አፍልታ አክብራ ተቀበለቻቸው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እኔ ቂም አልይዝም። መጥቶ ይቅርታ ቢለኝ እቀበለዋለሁ። ወረቀቱን ግን አላወጣም፤ ነገ የሌላ ሰው ልጅ እዚያ ይገባል።» ሽማግሌዎቹ አልተቀየሟትም። እንዲህ ዓይነት ሽምግልና ከመጣባችሁ ሰውን ሳታዋርዱ እንዲህ መመለስ ይቻላል። እንቢ ስትሉ ደግሞ ማን መጣ፣ መቼ መጣ የሚለውን ማስታወሻችሁ ላይ ያዙ፤ ሽምግልናው ወደ ማስፈራራት ከተለወጠ የዚያኑ ቀን ለዐቃቤ ሕጉና ለኢሰመኮ አሳውቁ።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ስለመለጠፍ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ አልለጠፍኩም። ልጁ ጣቢያ ውስጥ ሳለ ፊቱን አደባባይ ማውጣት እሱን ነው የሚያጋልጠው፤ ምስክሮቹም ስማቸው ይወጣል ብለው ይሸሻሉ። መለጠፍ የፈለገ መጀመሪያ አቤቱታውን ገቢ ያድርግ፣ ሰውየውም ይውጣ።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ። ከመምሪያው በጽሑፍ መልስ አግኝተናል፤ አንደኛው በዲሲፕሊን ተቀጥቷል፣ ሌላኛው ላይ በቂ ማስረጃ የለም ተብሏል። በዚህ ውሳኔ አልተስማማሁም፣ ለፖሊስ ኮሚሽኑ ይግባኝ ብያለሁ። የወንጀሉ መዝገብ ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው። በየጊዜው እየሄድኩ የመዝገብ ቁጥሬን ተናግሬ እጠይቃለሁ፤ የሚያዩት ዐቃቤ ሕግም አሁን ስገባ በስሜ ይጠሩኛል።

የቀረን የካሳ ክሱ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት መንግሥትም ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን አንቀጽ 2143 ጊዜ ወስኗል፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ሊቀርብበት የሚችለው ጊዜ፣ ከዚያ ከረዘመ ረዥሙ ይሠራል፤ እናንተ ግን ረዥሙን ተማምናችሁ አትቀመጡ፣ የወንጀሉ መዝገብ ቢዘጋ ክርክሩ ይከብዳል። ወንድሜ አንጓው እስኪሻለው ከሥራ የቀረበትን፣ ለሕክምና ያወጣነውን ደረሰኝ በደረሰኝ ሰብስበናል። ጋራዡም ደመወዙንና የቀረበትን ቀን ጽፎ ማኅተም አድርጎ ሰጥቶናል። ጠበቃችን ክሱን እየጻፉት ነው፤ ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ይገባል።